የታሰረው በሽተኛ የማን ነው?

(በአጥቢያ ምእመናንና በፕሮጀክት ሠራተኞች የጋራ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በየወረዳው ፖሊስ ጣቢያና በየዞኑ ማረሚያ ቤት ለታሰሩ ሰዎች የሚሰጠው ሕክምና እንዴት ሊሻሻል ይችላል የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርእስ ሲነሣ ወዲያው ወደ ልባችን የሚመጣው ክሊኒክ መሥራት ነው። ገንዘብ እናዋጣ፣ ቆርቆሮና ብሎኬት እንግዛ፣ በማረሚያ ቤቱ ግቢ ሁለት ክፍል እንሥራ እንላለን። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ክፍሉ ከተሠራ በኋላ ነርስ የሚቀጥረው ማን ነው? መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚተካው ማን ነው? የፕሮጀክቱ ዘመን ሲፈጸምስ? ለእነዚህ መልስ ከሌለን የሠራነው ክሊኒክ ከጊዜ በኋላ መጋዘን ይሆናል።

እኔ ዛሬ ላሳስባችሁ የምወድደው ሌላ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ በየወረዳው አለ። በዞኑ ከተማ ወይም በአጠገቡ ሆስፒታል አለ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አለ፤ ፖሊስ አለ፤ ፍርድ ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያንም በሁሉም ወረዳ አለች። የጎደለው እነዚህን የሚያያይዝ ገመድ ነው። ገመዱ ስለሌለ የታሰረው በሽተኛ የሁሉም ይመስላል፤ በመጨረሻ ግን የማንም አይሆንም።

አንድ ሰው እናስብ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ወጣት ገበሬ በአሳባችን እንያዝ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በወረዳው ጤና ጣቢያ ሕክምና ጀምሯል። ሕክምናው የተለመደው የስድስት ወር ሕክምና ነው፤ እርሱ ገና ሁለተኛው ወር ላይ ነው። ሳሉ ቀንሶለታል፤ መብላትም ጀምሯል። አንድ ቀን በጎረቤት ወረዳ ገበያ ውሎ ሳለ ጠብ ይነሣና ከሌሎች ጋር ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። መድኃኒቱ ያለው ቤቱ ነው። በጣቢያው ስሙን፣ ዕድሜውንና የተከሰሰበትን ነገር ይመዘግባሉ፤ ስለ ጤናው የሚጠይቀው የለም። እርሱም ፈርቶ ዝም ይላል። ሳል አለብኝ ቢል አብረውት የታሰሩት እንዳይርቁት ይሰጋል።

ጉዳዩ በጊዜ ቀጠሮ ሲጓተት ቆይቶ በሦስተኛ ወረዳ ወደሚገኘው የዞኑ ማረሚያ ቤት ይላካል። አብሮት የሚሄደው የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንጂ የሕክምና ወረቀት አይደለም። በዚያ ብዙ ሰዎች ጎን ለጎን በሚተኙበት ቤት ሳሉ ይመለስበታል። የማረሚያ ቤቱ ነርስ በኋላ አግኝታው አክታውን ታስመረምራለች፤ ሕክምናውንም እንደገና ታስጀምረዋለች። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዳኛው በነፃ ያሰናብተዋል። ሰውየው በደስታ ከፍርድ ቤቱ በቀጥታ ወደ አገሩ ይሄዳል። መድኃኒቱ ማረሚያ ቤት ቀርቷል፤ ለነርሷ የነገራት የለም።

አሁን መዝገቦቹን ገልጠን እንመልከት። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ «ሕክምናውን አቋረጠ» ብሎ ጽፏል። ፖሊስ ጣቢያው «ወደ ማረሚያ ቤት ተዛወረ» ብሏል። ፍርድ ቤቱ «በነፃ ተሰናበተ» ብሏል። ማረሚያ ቤቱ «ተፈታ» ብሏል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ማንም አልዋሸም። ሰውየው ግን በመዝገቦቹ መካከል ወደቀ። ሁለት ጊዜ ያቋረጠው መድኃኒት በሽታውን ሊያለማምደው ይችላል። በቤቱም ሚስትና ሕፃናት ይጠብቁታል።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ አዲስ ክሊኒክ ምን ይለውጥ ነበር? ብዙም አይለውጥም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ወረቀትና አንድ የስልክ ጥሪ ግን ሰውየውን ያድኑት ነበር።

በሽታ በቁልፍ አይያዝም

አንዳንድ ወገኖች ይህ የማረሚያ ቤቱ ጉዳይ ነው ይላሉ። በሽታ ግን የግቢውን አጥር አያውቅም። ጠባቂው ማታ ወደ ልጆቹ ይገባል፤ እናት ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ እስረኛው ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ በመጨረሻም ይፈታል።

እ.ኤ.አ. በ1750 በለንደን የሆነውን እናስታውስ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ወህኒ ቤቶች «የእስር ቤት ትኩሳት» የሚሉት በሽታ ነበር፤ ዛሬ ታይፈስ የምንለው በቅማል የሚተላለፈው ትኩሳት ነው። እስረኞች ከወህኒ ወደ ችሎት ሲመጡ በሽታውን ይዘውት ገቡ። በዚያ ችሎት ከነበሩት መካከል የከተማይቱ ከንቲባና ዳኞች ጭምር ሞቱ። ስለ እስረኛው ጤና ያልተጨነቀች ከተማ ስለ ዳኞችዋ አለቀሰች።

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች የወጣ ጥናት በእነዚያ ቤቶች የሳንባ ነቀርሳ ከጠቅላላው ሕዝብ በሰባት እጥፍ ገደማ በዝቶ እንደተገኘ አመልክቷል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ125 ሺህ የሚበልጡ እስረኞች በዚህ በሽታ እንደታመሙ ተገምቷል፤ ከእነርሱም ተመርምሮ የታወቀው ከግማሽ ብዙ የማይበልጠው ነው። የቀሩት ሳይታወቁ ይስላሉ፤ ሳይታወቁም ይፈታሉ።

ከሳንባ ነቀርሳ ሌላ በአገራችን ግርሻ የተባለው የሚመላለስ ትኩሳት አለ። እርሱም በልብስ ቅማል ይተላለፋል፤ ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ በማይቀየርበት ስፍራ ይነሣል። በጥቂት መድኃኒት ይድናል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሽተኛው በብርቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊጨምርና የደሙ ግፊት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ መርፌ ወግቶ መሄድ አይበቃም፤ ባለሙያ አጠገቡ ሆኖ ሊጠብቀው ይገባል። ለአንዱ ሕክምና ሲሰጥም የቤቱ ሰው ሁሉ ልብስና ብርድ ልብስ ካልተቀቀለ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

የስኳር በሽተኛውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስደውን፣ ነፍሰ ጡሯንና ከእናቱ ጋር በማረሚያ ቤት የሚያድገውን ሕፃን ጨምሩ። የአእምሮ ሕመም ያለበትም በዝምታው ወይም በጩኸቱ ምክንያት «አስቸጋሪ» ተብሎ ይታለፋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ለጥቂት ቀናት እንኳ ቢያቋርጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። እነዚህ ሁሉ ሲታሰሩ ቀድሞውኑ በአንድ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚታወቁ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያውቃቸውን ባለሙያ መፈለግ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

ወደ ጎረቤት አውራጃ የሄደው ሰው

ጆን ሃዋርድ የተባለውን እንግሊዛዊ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይህ አጥባቂ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1773 የቤድፎርድሺር አውራጃ ሸሪፍ ሆነ። ሹመቱ ለብዙዎች የክብር ስም ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን ወህኒ ቤቱን ራሱ ገብቶ አየ። ፍርድ ቤት ነፃ ያወጣቸው ሰዎች ለጠባቂው የሚከፍሉት ገንዘብ ስላጡ ታስረው ሲቀሩ አገኘ። የአውራጃውን ዳኞች «ለጠባቂው ደመወዝ ቍረጡለት፤ ከእስረኛው አይቀበል» ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም ሌላ አውራጃ እንዲህ ያደረገ ካለ አሳየን አሉት።

ሃዋርድ በፈረሱ ተቀምጦ ምሳሌ ፍለጋ ወደ ጎረቤት አውራጃዎች ሄደ። ያገኘው ግን በሁሉም ስፍራ ያንኑ በደልና ያንኑ ትኩሳት ነበር። ያን ጊዜ ነገሩ የአንድ ወህኒ ቤት ጥፋት እንዳልሆነ ተረዳ። ያየውን ለፓርላማው አስረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1774 ወህኒ ቤቶች በየዓመቱ በኖራ እንዲቀቡ፣ አየር እንዲያገኙ፣ ለበሽተኞች የተለየ ክፍል እንዲኖርና ሐኪም እንዲመደብ ሕግ ወጣ። ይህ ሰው በ1790 ከአገሩ ርቆ በኬርሶን ከተማ በያዘው ትኩሳት ሞተ።

ከሃዋርድ የምንማረው ርኅራኄውን ብቻ አይደለም። በአንድ ግቢ የማይፈታ ነገር ጎረቤት ለጎረቤት ሲነጋገር እንደሚፈታ አሳይቶናል።

ሌሎች የሄዱበት መንገድ

በዘመናችንም ይህ አሳብ በሥራ ተፈትኗል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የእስረኞችን መሠረታዊ ሕክምና እስር ቤቱ ላለበት ማዘጋጃ ቤት ሰጠች። ሌላውን ነዋሪ የሚያክመው ሐኪም እስረኛውንም ያክማል። ፈረንሳይ በ1994 ዓመተ ምሕረት በእነርሱ አቈጣጠር ባወጣችው ሕግ ኀላፊነቱን ለሕዝብ ሆስፒታሎች አስተላለፈች። እንግሊዝም በ2006 ሥራውን ወደ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ አዛውራ ፈጸመች።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የሃምፕደን አውራጃ እስር ቤት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሠራው ሥራ ለእኛ ከሁሉ ይቀርባል። በአካባቢው ካሉ ጤና ጣቢያዎች ጋር ተስማምቶ እያንዳንዱ በሽተኛ በመኖሪያ ሰፈሩ እንዲመደብ አደረገ። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ሐኪም በሳምንቱ ቀናት ከፊሉን በእስር ቤቱ፣ ከፊሉን በጤና ጣቢያው ይሠራል። እስረኛው ሲፈታ የሚሄደው ወደማያውቀው ሰው አይደለም፤ እስር ቤት ያከመው ሐኪም በሰፈሩ ይጠብቀዋል። ልብ በሉ፤ ዋናው ነገር ሕንጻው አይደለም። ሐኪሙ በሁለቱም በር መግባቱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው የእስረኞች አያያዝ ደንብም ይህንኑ ይደግፋል። እስረኛ በውጭ ያለው ሕዝብ የሚያገኘውን ያህል ሕክምና በነፃ እንዲያገኝ፣ አገልግሎቱ ከአካባቢው የጤና አስተዳደር ጋር ተያይዞ እንዲሠራ፣ ሲዛወርም የሕክምና መዝገቡ አብሮት እንዲሄድ ያዝዛል። በሕክምና ጉዳይ የሚወስነው የጤና ባለሙያ እንጂ ሌላ የእስር ቤት ሹም እንዳልሆነም ይናገራል። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 ደግሞ ለታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ የተጠበቀ አያያዝ ይገባዋል ይላል፤ በሐኪሙና በሃይማኖት አማካሪው የመጎብኘት መብትም ይሰጠዋል። ስለዚህ በሩን የምናንኳኳው እንደ ለማኝ ወይም እንደ ከሳሽ ሆነን አይደለም። ሹማምንቱ ራሳቸው ሊፈጽሙት የሚገባቸውን ሥራ ልናግዛቸው ነው።

በዞናችን ምን ማድረግ ይቻላል?

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ክፍል በተለይ እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፣ በመግቢያ ላይ መጠየቅ። ሰው በታሰረበት ቀን ወይም በማግስቱ የሚጠየቁ ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል አለህ? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ አለ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ከየትኛው ጤና ጣቢያ? ለሴት እኅቶቻችን ደግሞ ስለ እርግዝና መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው በሌሎች እስረኞች ወይም በካቦው ፊት መሆን የለበትም። የታመመ ሰው ሕመሙን የሚናገረው ሚስጥሩ እንደሚጠበቅለት ሲያምን ነው።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱ ከሰውየው ጋር እንዲሄድ ማድረግ። የሕክምና ማስተላለፊያ ወረቀት ከፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ጋር አንድ ላይ ይያያዝ፤ ነገር ግን በተዘጋ ፖስታ ይሁን። ፖስታውን የሚከፍተው የሚቀበለው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው። የዞኑ ወረዳዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ወረቀት እንዲጠቀሙ ከተስማሙ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው ሳይቸገር ያነብበዋል።

ሦስተኛ፣ ሰውየውን ከማመላለስ ናሙናውን መላክ። በሽተኛ ሆስፒታል ሳይሄድ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ አጃቢ ፖሊስና መኪና ስለሚጠፋ ነው። አክታ ግን አጃቢ አያሻውም። በትክክል ታሽጎ ምርመራው ወዳለበት ጤና ተቋም ሊላክ ይችላል። የጤና ጣቢያው ነርስ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ፖሊስ ጣቢያውን ብትጐበኝ ብዙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ወደ ሆስፒታል የግድ መሄድ ላለባቸው ደግሞ ጎረቤት ወረዳዎች አንድ ቀን ቢስማሙ በአንድ መኪናና በአንድ አጀብ መሄድ ይችላሉ።

አራተኛ፣ መፈታትን የሕክምና ቀን አድርጎ መቍጠር። ከላይ እንዳልሁት እስረኛ ከችሎት በቀጥታ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ረጅም ሕክምና ላይ ያለ ሰው የቀጠሮ ቀኑ ሲደርስ ነርሷ አስቀድማ ትወቅ፤ ለጥቂት ጊዜ የሚበቃ መድኃኒትና ለወረዳው ጤና ጣቢያ የተጻፈ ወረቀት አዘጋጅታ በእጁ ትስጠው። የሳንባ ነቀርሳና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል፤ ችግሩ ዋጋው ሳይሆን መንገድ ላይ መጥፋቱ ነው።

አምስተኛ፣ በየሦስት ወሩ አንድ ላይ መቀመጥ። የዞኑ ጤና መምሪያ፣ ማረሚያ ቤቱ፣ ፖሊስ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና እኛም እንገናኝ። ስብሰባው የንግግር ስብሰባ አይሁን። ባለሙያዎቹ አንድ ዝርዝር ይዘው ይቀመጡ፤ ስንት በሽተኛ ወደ እኛ ተላከ? ስንቱ ደረሰ? ያልደረሰው የት ቀረ? የሰዎቹ ስምና የበሽታቸው ዓይነት በባለሙያዎቹ መካከል ይቅር፤ ቍጥሩ ግን በሁላችን ፊት ይነበብ።

የምእመናን ድርሻ

ለገናና ለፋሲካ ሳሙናና ዳቦ ይዛችሁ የምትሄዱ ወገኖች እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እስረኛው ግን የሚታመመው በበዓል ቀን ብቻ አይደለም። የምለምናችሁ ትንሽ ግን የማያቋርጥ ነገር ነው። አንዲት አጥቢያ ልብስ መቀቀያ በርሜልና ማገዶ ትቻል። ሌላዋ በሳምንቱ የጉብኝት ቀን ለነርሷ መጓጓዣ ታዘጋጅ። ሦስተኛዋ በወረዳዋ ሁለት ታማኝ ሰዎችን ትምረጥ፤ እነርሱም የተፈታውን በሽተኛ፣ እርሱ ከፈቀደ፣ በመጀመሪያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሸኙት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለም?

ሦስት ነገሮችን ግን እንጠንቀቅ። መድኃኒትን የስብከት ዋጋ አናድርገው፤ የሌላ እምነት ተከታዩም ሆነ ስብከታችንን የማይሰማው እኩል ይታከም። የሰውየውን ወንጀል አንጠይቅ፤ ያ የዳኛው ሥራ ነው። በእስር ቤት ያየነውንና የሰማነውን ሕመም ለጸሎት ርእስ ብለን እንኳ በስም በጉባኤ አናውጣ።

«ንጹሕ ሰው መድኃኒት ባጣበት አገር ስለ ወንጀለኛ ለምን እንደክማለን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምናልባት የተበደለ ሰው ሊሆን ይችላል። ሦስት መልስ አለኝ። በፖሊስ ጣቢያና በጊዜ ቀጠሮ ያሉት ገና አልተፈረደባቸውም። የተፈረደበትም ቢሆን ዳኛው የፈረደበት እስራት እንጂ በሽታ አይደለም። ከሁሉም በላይ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ራሱን ከታመመውና ከታሰረው ጋር ሲቈጥር፣ ያ ሰው በምን ምክንያት እንደታሰረ አልነገረንም። ሆን ብሎ የተወውን ጥያቄ እኛ ለምን እናነሣዋለን?

ከዚህ ስብሰባ ስትመለሱ እያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ነገር እንዲያደርግ አደራ እላለሁ። በወረዳችሁ ፖሊስ ጣቢያ የታመመ ሰው ቢኖር የሚያየው የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ፣ በየትኛው ቀንና በማን እጅ እንደሚታይ ጠይቃችሁ ዕወቁ። መልስ ካገኛችሁ የጎደለውን አግዙ። «አይታወቅም» ከተባላችሁ ደግሞ ሥራችሁ ከዚያው ይጀምራል፤ ጣቢያ አዛዡንና የጤና ጣቢያውን ኀላፊ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ፤ ቡናውን እናንተ አፍሉ።

ጌታ በበሽታም በእስራትም ያሉትን ያስብ፤ ለጠባቂዎቻቸውና ለሐኪሞቻቸው ብርታት ይስጥ፤ እኛንም ለሥራው የታመንን ያድርገን። አሜን።